ባለቤት የጠፋበት ዓረፍተ ነገር

(ሐዋሳ ውስጥ በአንድ የንባብ ክበብ የምሽት ዝግጅት ላይ የተደረገ ንግግር። ተናጋሪዋ ጡረታ የወጣች የአማርኛ መምህርት ስትሆን፣ ለንባብ እንዲመች አስተካክላ የጻፈችውም ራሷ ናት።)

እንደምን አመሻችሁ። ወንበር ያጣችሁ ልጆች መስኮቱ ሥር ወዳለው አግዳሚ ጠጋ ጠጋ በሉ። የተሠራው ለሦስት ሰው ነው፤ በእኔ ክፍል ግን ስድስት ይቀመጥበት ነበር።

ጋባዦቼ «ዜጋ፣ ምርጫና መገናኛ ብዙኃን» የሚል ርእስ ሰጥተውኛል። ርእሱ ከእኔ ይበልጣል። የፖለቲካ ትምህርት አልተማርኩም፤ የፓርቲ አባል ሆኜም አላውቅም፤ በሕይወቴ ያስተዳደርኩት ትልቁ ግዛት አንድ የ10ኛ ክፍል ነው። 31 ዓመት አማርኛ አስተምሬ ጡረታ ወጣሁ። ስለዚህ በአገሬ ፖለቲካ ላይ ያለኝ ብስጭት የሰዋስው ብስጭት ነው። ብትስቁ አልቀየምም።

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ አንድ አመል አውጥቻለሁ። ጠዋት ቡናው እስኪፈላ ጋዜጣ እዘረጋና ቀይ እስክሪብቶ አነሣለሁ። የመንግሥት ይሁን የግል አልመርጥም፤ ርእሶቻቸው ወንድማማች ናቸው። «የኑሮ ውድነቱን ለማረጋጋት በትኩረት እየተሠራ መሆኑ ተገለጸ።» «ለተነሡት የመልካም አስተዳደር ጥያቄዎች አቅጣጫ ተቀመጠ።» «ለመዘግየቱ ምክንያት የሆኑ ችግሮች ተለይተው መፍትሔ እየተሰጣቸው እንደሚገኝ ተጠቆመ።» በእያንዳንዱ ሥር «ማን?» ብዬ እጽፋለሁ። ማን ገለጸ? ማን አስቀመጠ? ያዘገየውስ ማን ነው? አንድ ቀን ልጄ ገጹ በቀይ ተጥለቅልቆ አየችና «እማዬ፣ አርመሽ ስትጨርሺ ለማን ልትመልሺው ነው?» አለችኝ። እስካሁን መልስ አላገኘሁላትም።

አማርኛችን እዚህ ላይ አንድ የሚያስቀና ቃል አለው። በዓረፍተ ነገር ውስጥ ድርጊቱን የሚፈጽመውን «ባለቤት» እንለዋለን። ቤቱ የእርሱ የሆነውም ባለቤት ነው። ሱቁን የከፈተውም ባለቤት ነው። ባልና ሚስትም «ባለቤቴ» ይባባላሉ። በር ሲንኳኳ ወጥቶ «አቤት» የሚል ሰው ማለት ነው። አብሮኝ ያስተምር ለነበረ አንድ የሰዋስው አጥባቂ ይህን ስነግረው «‹መብራት ጠፋ› ስትዪ መብራት ባለቤት አይደለም እንዴ?» ብሎ ተከራከረኝ። በሰዋስው ልክ ነው፤ ተማሪ እንዲያ ቢመልስልኝ ሙሉ ነጥብ እሰጠዋለሁ። ግን መብራት ራሱን አያጠፋም።

እስኪ ወደ ዕድራችን ልውሰዳችሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት የዕድሩ ድንኳን አንድ ጎኑ ተተርትሮ ተገኘ። በወሩ ስብሰባ ላይ ዳኛው ተነሡ። «ድንኳኑ መቀደዱ ተገልጿል» አላሉም። «እሑድ ዕለት የተረከባችሁት እናንተ ናችሁ፤ ስትመልሱ ደግሞ ሳትዘረጉ ጠቅልላችሁ አስገባችሁት። ምን አግኝቶት ነው?» አሉ። ሰዎቹ አቀረቀሩ። ሲያወርዱት የአጥር ሽቦ እንደያዘባቸው አመኑ፤ የማሰፊያውን ከፈሉ፤ ጸሐፊው ከነስማቸው በመዝገብ አሰፈረው። በሚቀጥለው ለቅሶ እነዚያው ሰዎች ድንኳን ሲተክሉ ነበር። ማንም አልተጣላም። ዳኛውን የመረጥናቸው እጅ አውጥተን ነው፤ ነገር ሲበላሽ ደግሞ ገበያ ላይ እናገኛቸዋለን፣ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ እናገኛቸዋለን፣ መሸሻ የላቸውም። የፖለቲካ ትምህርቴ በሙሉ ይኸው ነው።

የ1997ን ምርጫ የማታስታውሱ ልጆች ዛሬ እዚህ ብዙ ናችሁ። ያን ዓመት ቴሌቪዥን ስለነበረኝ ቤቴ የሰፈር መሰብሰቢያ ሆኖ ነበር። የፓርቲዎቹ ክርክር የሚተላለፍ ዕለት ሳሎኑ ሞልቶ ሰው ደጃፍ ላይ ይቆማል። ስለ መሬት፣ ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ወደብ ሲከራከሩ ግማሹ አልገባንም። የገባን አንድ ነገር ነበር፤ ሰዎቹ በሕዝብ ፊት «እናንተ ይህን አደረጋችሁ» ይላሉ፤ ሌሎቹ ደግሞ «አዎን፣ እኛ አደረግነው፤ ምክንያታችንም ይህ ነው» ብለው ይመልሳሉ። አንደኛ መደብና ሁለተኛ መደብ! በአገሬ ቴሌቪዥን ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም ነበር። አንዲት ጎረቤታችን ቡና እያቀረበች «እነዚህ ሰዎች እንዲህ ተነጋግረው ነገ ሰላም ይባባላሉ?» ብላ ጠየቀች። ማንም አልመለሰላትም።

ግንቦት 7 ድምፅ ተሰጠ። ውጤቱ አወዛገበ። በሰኔ፣ ኋላም በ1998 ጥቅምት፣ መንገድ ላይ ጥይት ተተኮሰ። ሰማችሁኝ? እኔም «ተተኮሰ» አልኩ። ይህ ነገር እንደ ጉንፋን ነው፤ አስተማሪም ይይዛል። የጸጥታ ኃይሎች ተኮሱ። ነገሩን እንዲያጣራ የተቋቋመው ኮሚሽን ከሟቾቹ ሲቪል የሆኑትን 193 ብሎ መዘገበ። በዜና ቋንቋ እነዚህ ሰዎች «ሕይወታቸው ያለፈ» ይባላሉ፤ መንገደኛ እንደሚያልፍ።

ከዚያ ወዲያ ያ የክርክር አማርኛ ለረጅም ጊዜ ጠፋ። በ2002 የያኔው ገዥ ፓርቲ ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከ547 የምክር ቤት መቀመጫዎች 545ቱን ያዙ፤ በ2007 ደግሞ 547ቱንም። ዜናው የወንበሩን ቁጥር ደጋግሞ ነገረን። እኔ የፈለግሁት የሰዉን ቁጥር ነበር። በሕጋችን በአንድ የምርጫ ክልል ከተወዳዳሪዎቹ ሁሉ ብልጫ ያገኘ ያልፋል፤ ከግማሽ በላይ ማግኘት አይጠበቅበትም። 100 ሰው መርጦ አንዱ ዕጩ 40፣ ሁለቱ ሠላሳ ሠላሳ ቢያገኙ ባለ 40ው ወንበሩን ይወስዳል። ስለዚህ 60ው ሰው ወንበር የለውም። ብዙ አገር የሚሠራበት ሕግ ነው፤ ይሻሻል አይሻሻል የሚለውን ለሚያውቁት እተዋለሁ። ነገር ግን 60ውን ሰው ከነመኖሩ የሚረሳ ዜና ያንገበግበኛል። ያ ሰው በማግስቱ ከእንቅልፉ ተነሥቶ፣ ዳቦ ገዝቶ፣ «ሕዝቡ በአንድ ድምፅ መረጠ» ሲባል ይሰማል። እርሱ ማን ሊሆን ነው?

በ2013 ነገሩን ከቅርብ አየሁት፤ የምርጫ አስፈጻሚ ሆኜ ሠራሁ። ሰኔ 14፣ ሰኞ። ጣቢያችን የዕድር አዳራሽ ነበር። ሳይነጋ በሩን ስንከፍት ሰው በጃንጥላና በፌስታል ተሸፋፍኖ ቆሟል። ባዶውን ግልጽ ሳጥን ከፍ አድርገን ለታዛቢዎችና ለተሰለፈው ሰው አሳየን፤ አሸግነው፤ ጀመርን። የእኔ ሥራ መዝገብ ላይ ስም መፈለግ ነበር። ስም ስጠራ «አቤት» ይሉኛል፤ ክፍል ውስጥ ያለሁ መሰለኝ። ካስተማርኳቸው ልጆች ብዙዎቹ መጡ። አንዱ አውራ ጣቱን ቀለም እያስነካ «ቲቸር፣ ይህ ከእስክሪብቶሽ ቀለም ይሻላል» ብሎኝ አለፈ።

ረፋዱ ላይ የቴሌቪዥን ሰዎች መጡ። የየትኛው ጣቢያ እንደሆኑ አልናገርም። ከሰልፉ መሐል ጎመንና ሽንኩርት በጉልት የምትሸጥ አንዲት ሴት መረጡና ማይክሮፎኑን ሰጧት። እኔ በሩ አጠገብ ስለነበርኩ ቃል በቃል ሰምቻለሁ። «ሰፈራችን ውሃ ከመጣ ዘጠነኛ ቀኑ ነው። በጋሪ የሚያመጣልን ልጅ ጀሪካኑን ዛሬ በአንድ ዋጋ ነገ በሌላ ይሸጥልናል። የሚመረጠው ሰውዬ ይህን ያውቃል ወይ? ካላወቀ ልንገረው፤ የት ነው የማገኘው?» አለች። ጋዜጠኛው አመሰገናት። ከኋላዋ ያለው ሰልፍ ሳቀ፤ አንድ ሽማግሌ «አንቺ ልጅ፣ አንቺን በመረጥንሽ» አሏት።

ማታ በአንዱ ስልክ ዜናውን ተሰብስበን አየን። ሴትዮዋ ወጣች። ፊቷ አለ፤ ነጠላዋ አለ፤ እጇን እያወራጨች ስትናገር ይታያል። ድምጿ ግን የለም። በምስሏ ላይ የዜና አንባቢው «መራጩ ሕዝብ ከማለዳው ጀምሮ በነቂስ በመውጣት ድምፁን በሰላማዊ መንገድ እየሰጠ መሆኑ ተገለጸ» ይላል። ሕዝብ በአምስት ዓመት አንድ ቀን ባለቤት ይሆናል፤ በዚያችው ቀን እንኳን ግሡ «ተገለጸ» ሆነ። የምርጫ ዜናችን ስለ ሰልፉ ርዝመት ያወራል፤ የተሰለፈው ሰው ምን ፈልጎ እንደመጣ አይጠይቅም። ቢጠይቅም ድምፁን ያጠፋዋል። እናም በማግስቱ ማን እንዳሸነፈ እናውቃለን፤ ምን እንደጠየቅን ግን የተመዘገበበት ቦታ የለም።

በክልላችን የድምፅ መስጫ ወረቀት አጥሮ ምርጫው ማክሰኞም ቀጠለ። የምርጫ ቦርድ ይህን ራሱ በይፋ ስለተናገረ ቢያንስ የምናማው አካል ፊት ነበረው። ቆጠራው ሌሊቱን ፈጀ። አንዱ ወረቀቱን ከሳጥን ያወጣል፤ ምልክቱን ጮክ ብሎ ይጠራል፤ ለታዛቢዎች ያሳያል፤ ሌላዋ ጭረት ትጭራለች። አምስተኛዋ ጭረት አራቱን ስታቋርጥ፣ ልክ የበግ ነጋዴ በግ እንደሚቆጥረው። ንጋት ላይ ቅጹን ሞላን፤ ፈረምን፤ የፓርቲ ወኪሎችም ፈረሙ፤ አንዱን ቅጂ በሩ ላይ ለጠፍነው።

ያን ወረቀት ካነበብኳቸው ዜናዎች ሁሉ አስበልጠዋለሁ። ቅጽል የለበትም። «ደማቅ» አይልም፤ «ታሪካዊ» አይልም። የዕጩ ስም፣ ከአጠገቡ ቁጥር፣ ከዚያ የተበላሸ ድምፅ ብዛት፣ ከሥር የእኛ ስምና ፊርማ። ስህተት ቢገኝበት በር የሚንኳኳባቸው ሰዎች ስም ማለት ነው። ጠዋት ባጃጅ ነጂዎች እየቆሙ ሲያነቡ አየሁ። አንዱ ጣቱን በቁጥሮቹ ላይ እያስኬደ ቆየና «እኔ እዚህ ውስጥ ነኝ» ብሎ አንዷን ቁጥር ነካ። የመረጠው ዕጩ አላሸነፈም፤ ነገር ግን ተቆጥሯል። በዚያ ሳምንት በየአቅጣጫው የተለጠፉትን እነዚያን ወረቀቶች ዞሮ ያነበበ፣ ይህ ሰፈር ለምን ከዚያ ሰፈር ተለየ ብሎ የጠየቀ ዜና እኔ አላየሁም። በኋላ የሰማነው፣ ውጤት ከታወጀባቸው 436 መቀመጫዎች ብልጽግና ፓርቲ 410 ማግኘቱን ነው። እንደገና ወንበር።

አንዳንዶቻችሁ «ይህች አስተማሪ በነጥብና በሰረዝ ትነታረካለች» ብላችሁ ይሆናል። እንግዲያው ሰኔ 2010ን ላንሣ፤ የሐዋሳ ልጆች ናችሁና ታስታውሱታላችሁ። በሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ በፍቼ ጨምበላላ ሰሞን በዚህች ከተማ ሰው ሞተ፤ ንብረት ወደመ፤ ብዙ ቤተሰብ ተፈናቀለ። ዜናው «ግጭት ተከሰተ» አለ። ግርዶሽ ነው የሚከሰተው! ግጭት ግን የሚጀምሩት ሰዎች አሉት፤ እጅና ስም ያላቸው ሰዎች። የባለቤቱ ቦታ ባዶ ሲተው ባዶ ሆኖ አይቆይም። በየቡናው፣ በየስልኩ «እነ እንትና ናቸው» ተብሎ ይሞላል። «እነ እንትና» ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ብሔር በሙሉ ነው። ድንጋዩን የወረወረው አንድ ልጅ ነበር፤ እናቱ ስም ያወጣችለት። ዕዳውን የተሸከመው ግን አንድ ሺህ ሰው ነው። ዓመታት ቡና የተጠራራን ጎረቤቴ ለሦስት ሌሊት በሩን በቁም ሣጥን ደግፎ አደረ፤ ድንጋይ አልወረወረም፤ ድንጋይ ወርዋሪም አያውቅም። ወንጀለኛው ከነስሙ ቢነገር ኖሮ ያ ሰው ቁም ሣጥኑን ባልጎተተ ነበር። ዩቲዩብ ላይ «ሰበር ዜና» እያሉ የሚጮሁት የሚበሉት ከዚሁ ባዶ ቦታ ነው። የአንዱ ዜና ባለቤት የለውም፤ የሌላው ዜና ባለቤት ሕዝብ ነው። ሁለቱ ጠላቶች ይመስላሉ፤ እኔ ግን አንዱ ለሌላው ምግብ ሲያቀርብ ነው የማየው።

በሲዳማ የክልልነት ጥያቄ ሰበብ ሰው የሞተበትን የሐምሌ 2011ንም ሐዘን አልዘነጋሁም። ሆኖም ኅዳር 10 ቀን 2012 ይህችው ከተማ ለሕዝበ ውሳኔ ተሰለፈች። ሁለት ምልክት፦ ሻፌታ፣ ማለትም የሲዳማ ባህላዊ የመመገቢያ ዕቃ፣ እና ጎጆ። ሻፌታው ሲዳማ ራሱን የቻለ ክልል ይሁን፣ ጎጆው በነበርንበት በደቡብ ክልል እንቆይ። ለማንም ግልጽ የሆነ ጥያቄ ነበር፤ ቡና የምትለቅመውም፣ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምረውም እኩል የተረዱት። 98.51 በመቶው ሻፌታን መረጠ። የወደደም የከፋውም ጥያቄው ምን እንደነበር ያውቃል። ፈርተን ነበር፤ ዕለቱ ግን በሰላም ዋለ።

ስለ ተመራጮችም ትንሽ ልበል። አንድ ዓመት ለተማሪዎቼ የቤት ሥራ ሰጠሁ፦ የአካባቢያችሁን የፌዴራል ምክር ቤት ተመራጭ ስም ጽፋችሁ፣ አግኝታችሁ አንድ ጥያቄ ጠይቃችሁ ኑ። ከሃምሳ በላይ ልጆች ነበሩ። ስሙን ያገኙት ሦስት ናቸው፤ ያገኙት ስም ደግሞ ሦስት ዓይነት ነው። ሰውየውን ያገኘ የለም። አንዷ ልጅ በወረቀቷ ላይ «ባለቤቱ አልተገኘም» ብላ ጻፈች፤ የማውቃት ቀልደኛ ስለነበረች ሙሉ ነጥብ ሰጠኋት። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 12 ሕዝብ በመረጠው ሰው ላይ እምነት ሲያጣ ሊያነሣው እንደሚችል ይናገራል፤ አንቀጽ 54 ላይም ተደግሟል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። አላገኘሁትምና እንዴት አነሣዋለሁ?

ምክር ቤቱ ሰኔ 30 ሲዘጋ ደግሞ ተመራጮች «ወደ ሕዝቡ ወረዱ» ይባላል። ይህች «ወረዱ» የምትባል ግሥ ቀይ እስክሪብቶዬን ጨርሳለች። ሕዝቡ ታች ነው ያለው ማን ነው? የወረደ ሰው ሥራው ተመልሶ መውጣት ነው።

በዚህ መሐል አንድ ወጣት እጁን አወጣ። ጥያቄውን እንደጠየቀው ልጻፈው፦ «ቲቸር፣ እርስዎ ይፈርዳሉ እንጂ ጋዜጠኛው ስም ቢጠራ ማን ያድነዋል? ስንቱ ታሥሮ የለም?»

ትክክል ነው፤ ይህን ሳልናገር ልጨርስ ነበር። በአገራችን ጋዜጠኛ በጻፈው ምክንያት መታሠሩ በየመንግሥቱ የነበረ ነው፤ ዛሬም አለ። ድሮ ስለ ጋዜጠኞች ሲነሣ «ውሻ በበላበት ይጮሃል» እል ነበር። አሁን አፍራለሁ። ካስተማርኳቸው አንዱ ጋዜጠኛ ሆኗል። ባለፈው ሊጠይቀኝ መጥቶ የጻፈውን ዜና ከስልኩ አሳየኝ፤ መጀመሪያ የጻፈውንና የታተመውን ጎን ለጎን። እርሱ «ኃላፊው ውሉን ያለ ጨረታ ፈረሙ» ብሏል። የታተመው «ውሉ መፈረሙ ታውቋል» ይላል። ኃላፊው የለም፤ ጨረታውም የለም። «አንቺ ያስተማርሽኝን ነው የጻፍኩት» አለኝ። ምን ልበለው? ቡና አፈላሁለት። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 29 በመንግሥት ገንዘብ የሚንቀሳቀስ መገናኛ ብዙኃን የተለያዩ አስተያየቶችን እንዲያስተናግድ ሆኖ ይመራ ይላል። ያችን የጉልት ሴት ድምፅ ማሰማት ማንንም የሚያሳስር አልነበረም፤ የጠየቀችው ውሃ ነው። እዚያ ላይ ፍርሃት ሰበብ አይሆንም፤ እዚያ ላይ ልማድ ነው። ልማዱ ደግሞ የእኛም ነው። እኛስ ብሶታችንን ስንናገር «የሚመለከተው አካል መፍትሔ ይስጠን» አይደል የምንለው? «አካል»! ጆሮ ያለው፣ ቢሮ የሚገባ፣ ስም ያለው ሰው መሆኑን እያወቅን።

ሌላዋ ልጅ ደግሞ ያ በሩ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ምን ሆነ ብላ ጠየቀችኝ። ቁጥሮቹን በደብተሬ ገልብጫቸዋለሁ፤ ቤቴ አሉ። ወረቀቱን የሰኔ ዝናብ አራሰው፤ በሦስተኛው ቀን የላይኛው ግማሽ ተልጦ ወደቀ። ከሥር የቀሩት የእኛ ፊርማዎች ነበሩ። በሳምንቱ ሳልፍ አንድ ሰው በፊርማዎቻችን ላይ ማስታወቂያ ለጥፎባቸዋል፦ «አንድ ክፍል ቤት ይከራያል፤ ውሃ አለው። ባለቤቱን በዚህ ስልክ ይደውሉ።»